ያልነከሰው ፊልም

አባቴ የሞተ ጊዜ ለልቅሶው የሚሆን ፎቶ አጣን። ስልኬ ውስጥ ብዙ ነበረኝ፤ ስልኩን ግን ጀሞ ታክሲ ስጋፋ ከመነተፉኝ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። መውጫ ስናጣ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለውን አሳድገን ድንኳኑ ውስጥ ሰቀልነው። ግማሽ ማህተም ትከሻው ላይ እንዳረፈ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው ላይ አፈጠጠ። ድንኳኑ እንደተነሳ እናቴ "እኔን በመታወቂያ ፎቶ እንዳታለቅሱብኝ፤ ደህና አድርገህ አንሳኝ" አለችኝ።

የፊልም ካሜራ አባዜ የያዘኝ ያኔ ነው። በእጅ የሚያዝ ወረቀት የማይመነተፍ መሰለኝ። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ላይ፣ ከአንድ ጥንድ ጫማ ባነሰ ዋጋ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የራሽያ ካሜራ ገዛሁ። ካሜራው ርካሽ ነው፤ የሚያቃጥለው ፊልሙ ነው። ከተማውን ዞሬ አጣሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ፣ ግማሽ ዓመት ጠብቄ፣ አንዲት ጥቅል ጥቁርና ነጭ ደረሰችኝ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ በቃ።

አንድ እሑድ እናቴ ከመካኒሳ አቦ ስትመለስ የሀገር ልብሷን እንደለበሰች ጎፋ ቤታችን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ትንፋሿን ውጣ ድርቅ አለችብኝ። አባቴ በሠርጋቸው ቀን ሲጨፍር እግሯን ረግጦ ጫማዋን የበጠሰውን አስታወስኳት። ሳቀች። የወለቀ ጥርሷን በእጇ ሳትሸፍን፣ ከልቧ ሳቀች። እኔም የካሜራውን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩት። የፎቶ ቆጣሪው ሠላሳ ስድስትን አልፎ ሠላሳ ስምንት ሲገባ "አላልቅ አለ እኮ!" አልኳት።

"መርቀውልህ ነዋ!" አለችኝ።

እኔም ጅሉ አመንኩ። ሽንኩርት ስንገዛ አንድ ፍሬ ጣል ይደረግልን የለ? ፊልምም እንደዚያው መሰለኝ።

መካኒሳ ዛሬም ፊልም የሚያጥቡ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ አሉ። ፊልሙን ሳወጣ እንዳላበላሸው ፈርቼ ካሜራውን እንዳለ ወሰድኩላቸው። የፊልሙን ማጠንጠኛ በጣታቸው ሞከር አደረጉና በጠራራ ፀሐይ ጀርባውን ከፈቱት። ፊልም ብርሃን ካየ ይቃጠላልና ጮህኩ።

"አትጩህ፣ የኔ ልጅ። የሚቃጠል ነገር የለም፤ አልነከሰም።"

የፊልሙ ጫፍ እኔ እንዳስቀመጥኩት ተጋድሟል። የካሜራው ጥርስ ስላልያዘው አንዲት ስንዝር አልተጓዘም። ያን ሁሉ ጊዜ ያነሳሁት በባዶ ነው። ሽማግሌው ቆጣሪውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሠላሳ ስድስት ላይ አላቆምም ሲልህ እንዴት አልጠረጠርክም?"

ተመርቆልኝ መስሎኝ ነው ብዬ እንዴት ልመልስላቸው? እሳቸው አስተካክለው አጎረሱትና መዞሩን አሳዩኝ። ፊልሙ ምንም እንዳልሆነ ሲነግሩኝ እንኳ ደስ አላለኝም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ፊልሙ እኮ ደህና ነው። ያንኑ ልብስ ልበሺና አንዴ ተቀመጪልኝ።"

"መቀመጡንስ እቀመጥ ነበር" አለች። "ግን ያን ቀን አባትህ መሞቱን ረስቼው ነው የሳቅሁት። ተነስቼ ምሳ ላቀርብለት ወደ ጓዳ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ። ሁለተኛ እንደዚያ አልሆንም።"

ይህን አልነገረችኝም ነበር። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።