አባቴ የተሸከመው ድንጋይ

ባለፈው ሰኔ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ለለቅሶ ስሄድ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ በእኛ አገር ትውውቅ ከዚህ ነው የሚጀምረው። የአባቴን ስም ስነግረው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «ድንጋይ የተሸከሙላት ሴት እኮ አያቴ ናት» አለኝ። በእነሱ ቤት ያንን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንገቴን ደፋሁ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ታጭቼ፣ ሰርጌ ለጥር ተቆርጦ፣ መሬት አልበቃኝ ብሎ ነበር። አባቴ የሰንበቴያችን ሙሴ ነበር፤ የማኅበሩን አለቃ እንዲህ ነው የምንለው። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያመጣውን የገብስ ዳቦና ጠላ ለማኅበርተኛውም ለነዳያኑም የሚያድለው እሱ ነው። ወጉ ታዲያ ሸክላ ሠሪን ይለያል። ዋንጫው ሁሉን አዳርሶ ሸክላ ሠሪዋ ለተማርያም ጋ ሲደርስ ይታለፍና ለእሷ በገል ይቀዳላታል። ጠላው የተጠመቀበት ጋን የእሷ እጅ ሥራ መሆኑን ማንም አያነሣውም ነበር፤ እኔም አላሰብኩትም።

አንድ የጥቅምት እሑድ ግን ለተማርያም ገሉን ሳትነካ መሬት አስቀምጣ ሄደች። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወረደለትም። በሚቀጥለው እሑድ፣ አማቼ ሊሆን የነበረው ሰውዬ ከዘመዶቹ ጋር በተቀመጠበት፣ አባቴ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጣና እግሯ ሥር ወደቀ።

«በእግዜር ማዕድ ላይ ለይቼሻለሁ። ይቅር በይኝ» አላት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ኽምጣኛ በሚጫነው አማርኛዋ «ይቅር ለእግዜር ብያለሁ። ይነሡ ጌታዬ፣ ሰው ያያል» አለችው።

«ይይ። የበደልኩሽም ሰው እያየ ነው።»

ከዚያ በዋንጫው ቀዳላትና እሷ ከጠጣች በኋላ የተረፈውን ራሱ ጠጣ። አማቼ ዳቦውን እንደያዘ ተነሥቶ ወጣ። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ ምድር በዋጠችኝ እል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ልኮ ጋብቻውን አፈረሰ።

ሽማግሌው የመጣ ቀን ማታ አባቴን «አዋረዱኝ» አልኩት። ጥሬ ተሰጥቶበት ውሎ ሊያስገባ ያነሣውን ቁርበት አስቀመጠና ፊቴ ቆመ።

«አውቃለሁ ልጄ። ላንቺም ድንጋይ ልሸከም?»

የምሩን ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። መልሴን ሲጠብቅ ጥዬው ወጣሁ። በኋላ ሌላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ደህና ኖርኩ። ለእሱ ግን እስኪሞት መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ከለቅሶው ተመልሼ ይኸን ስጽፍ ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። ቤትና መሬት አወርሳቸዋለሁ፤ ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ በዚህ አላፍርም። የአያታቸውን ነገር ግን ውርደት መስሎኝ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። እነሱም በዕድሜያቸው ሙሉ እናታቸው አንድም ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ አላዩም።