የክሊኒኩ መኪና ማርሚታ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ናሆም አዲሷን መኪናውን እየነዳ ከሐዋሳ ነገሌ ገባ። ለዘመድ ሠርግ ነው የመጣው። መኪናዋ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ናት፤ አስፋልቱ ባይኖር ኖሮ ክብረ መንግሥትንም አታልፍም ነበር። በሬ ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ የቤቴ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ናሆም ወረደና ከመኪናዋ ኋላ ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን፣ እኛ ማርሚታ የምንለውን፣ አሳየኝ።

«ከውጭ አስመጥቼ ነው ያስገጠምኩት፣ አክስቴ። ኦሪጅናል ታይታኒየም ነው። ቀለሙን አየሽው?»

አየሁት። ጫፉ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል፤ ሰማያዊው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ያንን ቀለም ናሆም ሳይወለድ ነው የማውቀው። ዘወር ስል በረንዳዬ ላይ ሻይ ስትጠጣ የነበረችው ጓደኛዬ ሎኮ ከወንበሯ የለችም። ሻይዋ በግማሽ ቀርቷል። አጠገቧ ስትጫወት የነበረችው የጎረቤቴ ሕፃንም የለችም። ሎኮ የት እንደሄደች ስለማውቅ አልተጣራሁም። ግን ደሜ ፈላ።

ቁጡ ሴት ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሬዲዮ ጋር ትጣያለሽ ይለኝ ነበር። ይሄኛው ቁጣ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነው። ከየት እንደመጣ ልናገር።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አባቴ ከወለጋ መጥቶ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር እኔም እዚያው የክትባት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ በክሊኒኩ አሮጌ ላንድክሩዘር ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ እንወርድ ነበር። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ አቧራው ጥርስ መሀል ይገባል፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ መኪናውን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ዝናቡ ባረፈ ማግስት ግን ግራሩ ሁሉ አብቦ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። የምንቆመው የታወቁ ዛፎች ሥር ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቁናል፣ እኛ እንከትባለን፣ እነሱ ዕቃው በጭስ የታጠነ ወተት ያጠጡናል። መጀመሪያ ጭሱ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ኋላ ጭስ ጭስ የማይል ወተት ወተት አልመስለኝ አለ።

አሁን ስለ ድምፅ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ያኔ ስልክ የለም። እናቶቹ መምጣታችንን የሚያውቁት መኪናችንን ከኮረብታው ማዶ በድምፁ ለይተው ነው። ከብቶቻቸውን በቀለማቸው እንደሚጠሩ ሁሉ መኪናችንንም «አዲ» ይሏት ነበር፣ ነጯ ማለት ነው። አዲ ዝግ ያለ፣ መሀል መሀል ላይ የሚያፏጭ ድምፅ ነበራት። ያንን የሰማች እናት የያዘችውን አስቀምጣ ልጇን አንስታ ወደ ዛፉ ትመጣለች።

በዚያው መንገድ የሚመላለሱ ሌሎች መኪኖችም ነበሩ። ከሞያሌ ኮንትሮባንድ ጭነው የሚበሩት ናቸው። ማርሚታቸው በድንጋይ ተመትቶ ከወደቀ ማንም አይተካውም፤ እያጓሩ ይመጣሉ፣ ፍየል ይሁን ጥጃ ይሁን ጨፍልቀው ያልፋሉ። ከኋላቸው የሚያሳድዳቸው ታጣቂ ስለማይጠፋ ጥይትም አብሮ ይመጣል። በዚያ መንገድ ዳር የሚያድግ ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ የሚማረው ነገር አለ። ያ ጩኸት ሲሰማ ከመንገድ ትሸሻለህ፣ ቦረቦር ውስጥ ትተኛለህ፣ ጩኸቱ እስኪጠፋ ቀና አትልም።

የዚያን ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ አዲስ አስተባባሪ ተላከልን። አቶ ዮናስ ይባላል። ወጣት፣ ሽቅርቅር፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ መጥፎ ሰው ነው ለማለት ያኔ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ፍቅሩ መኪና ነው። የራሊ ተወዳዳሪ መሆን ፈልጎ አባቱ ከለከሉት፤ ይሄንን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያወራል። የአዲ ማርሚታ ተቦድሶ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባ ስለነበር መበየድ ነበረበት። ነገሌ ውስጥ በያጅ ሞልቷል። አቶ ዮናስ ግን በሞያሌ በኩል ከናይሮቢ አንድ ቧንቧ አስመጣ። ከተገለበጠ የውድድር መኪና የተፈታ ነው አለን። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከባዶ ጀሪካን አይከብድም። ጫፉ ሰማያዊ ነበር።

«ታይታኒየም ነው፣ ማርታ። ይሄ ብረት አውሮፕላን ላይ ነው የሚገባው» አለኝ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ አዲ ላይ ተገጠመ። ስትነሳ የገበያው ሰው ሁሉ ዞረ። ሹፌራችን ጋሽ ቦሩ እንኳ፣ የጉጂ ተወላጅ፣ ዝምተኛና ረጋ ያሉ ሰው፣ ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ። «ጎረምሳ ሆነች» አሉ። ያን ዕለት የከፋ ነገር የታየው ሰው አልነበረም።

ሎኮ ያኔ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ከሎኮ ጋር ነገሌ አጎቷ ቤት በነበረችበት ጊዜ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተምረናል፤ ከዚያ ተድራ ገጠር ገባች። የመጀመሪያ ልጇ ምጡ ጠንቶባት እዚያው ሞቶባታል። የክሊኒኩ ሲስተር መርምራት ይሄኛውን ነገሌ ሆስፒታል ካልሆነ እንዳትወልድ አስጠነቀቀቻት። ተስማማን። ወሯ ሲገባ በቀጠሯችን ማክሰኞ ከሦስተኛው ዛፍ ሥር ትጠብቀኛለች፣ አዲ ትጭናታለች፣ እስክትወልድ እኔ ቤት ትቀመጣለች። አልጋዬን ለቅቄላት፣ ለእኔ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ ነው ያን ማክሰኞ የወጣሁት።

አቶ ዮናስ ያን ቀን ራሴ ካልነዳሁ አለ። ጋሽ ቦሩ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከክትባቱ ሣጥን ጋር ተቀመጥን። ዳገቱ ላይ ነዳጁን ይረግጠዋል፣ መኪናዋ ታጓራለች፣ እሱ ይስቃል። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ማንም የለም። ሁለተኛውም ጋ ማንም የለም፤ አንድ የተረሳ የወተት ዕቃ ብቻ ወድቋል። ድርቅ ስለነበር ከብቱን ይዘው ወደ ውኃ ሄደው ይሆናል አልን። ሦስተኛው ዛፍ ጋ ስንደርስ ሎኮም የለችም።

ወርጄ ተጣራሁ። «ሎኮ! ሎኮ!» ድምፄን ለራሴም በደንብ አይሰማኝም፤ ሞተሩ ይዘፍናል።

«አቶ ዮናስ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ያጥፉት» አልኩት።

«ባትሪው ደክሟል። ካጠፋሁት ማን ይገፋዋል?»

«ጋሽ ቦሩና እኔ እንገፋለን።»

«እነሱም ቀጠሮ ማክበር ይልመዱ፣ ማርታ። ለአንድ ሰው ብለን እዚህ አናድርም።»

ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። ትንሽ ጠበቅን፣ ከዚያ ሄድን። ስንመለስም በዚያው አለፍን፤ ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም። አልጋዬ ለሎኮ እንደተነጠፈ አደረ።

ቀጣዩ ማክሰኞ ሳይደርስ ሎኮን በቃሬዛ አመጧት። ባሏ ጉዮና ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ በትከሻቸው ተሸክመው ነው፤ በመንገድ ላይ የቆመላቸው መኪና የለም። ሎኮ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፣ ሆዷ ውስጥ ሞቷል። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ እንደማትወልድም ነገራት።

አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ ቀድማ ሰላምታ የሰጠችኝ እሷ ናት። «ናጋ ጂርታ፣ ማርታ?» አለችኝ። እኔ ደህና መሆኔን ጠየቀች። ከዚያ «አዲ ለምን ቀረች? ቃል ገብተሽልኝ አልነበረም?» አለች።

«አልቀረንም እኮ፣ ሎኮ። መጥተን ጠራሁሽ።»

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ የመጡት እነዚያ ናቸው» አለች። «እናንተን ስንጠብቅ እነዚያ መጡ። አማቴ ጎትታ ቦረቦሩ ውስጥ አስተኛችኝ። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሌላ ጊዜ አይቆሙም። ሞተራቸውን አላጠፉም፣ ጥሩንባ ነፉ። እኛን የሚፈልጉ መስሎን ትንፋሻችንን ውጠን ተኛን። እስኪሄዱ ሆዴን አፈር ላይ አድርጌ ነበር።»

እነዚያ የተባልነው እኛ ነን። ይሄ እስኪገባኝ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ግን ዛሬም አላውቅም። ጋሽ ቦሩ ናቸው ኋላ በኦሮምኛ ቀስ አድርገው የነገሯት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች እንጂ አላለቀሰችም።

አቶ ዮናስ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። የሰማሁትን ነገርኩት። ደነገጠ፤ አልዋሽም፣ ደንግጧል። ድንጋጤው ግን እስኪቀመጥ እንኳ አልቆየም። «እና ጥፋቱ የማን ነው?» አለኝ። «ቀና ብለው ነጭ መኪና መሆኑን አያዩም? አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ቀስ እያሉ ይለምዱታል።»

ይለምዱታል። ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፣ ተሰድቤም አውቃለሁ። እንደዚህ ቃል ያቃጠለኝ የለም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውኃ ብርጭቆ ያልወረወርኩት ጋሽ ቦሩ ክንዴን ስለያዙኝ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉዮ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ከክሊኒኩ ግራር ሥር በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አቶ ዮናስ ካሳ የሚጠይቁ መስሎት አንድ ጆንያ ስኳር አስወጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ጆንያውን አላዩትም። «መኪናችሁን አስነሱልን፣ ድምፁን እንስማ» አሉ። ጋሽ ቦሩ አስነሱት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ጉዮ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

ሞተሩ ሲጠፋ ሽማግሌው ወደ አቶ ዮናስ ዞሩ፤ ጋሽ ቦሩ ወደ አማርኛ መለሱት። «እኛ ይሄን ድምፅ ስንሰማ ልጆቻችንን መሬት ላይ እናስተኛለን። አንተ የምትመጣው ልጆቻችንን ልታድን ነው። በዚህ ድምፅ አትምጣብን።» ሌላ የጠየቁት ነገር የለም። ተነሥተው ሄዱ፣ ስኳሩም እዚያው ቀረ።

አቶ ዮናስ እፎይ አለ። «በቃ፣ ይሄ ብቻ ነው?» ብሎ ፈገግ አለ። የሽማግሌዎቹን ትዕግሥት ሰው ያደንቀው ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ቀን በእነሱም ተናድጃለሁ። ምነው በጮኹበት፣ ምነው ከዚያ ወንበሩ ላይ ባስነሱት ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።

ቧንቧው ተፈታ፣ አሮጌው ማርሚታ ተበየደ፣ አዲ እንደ ጥንቷ ማፏጨት ጀመረች። እናቶቹ ግን ወደ ዛፎቹ ቶሎ አልተመለሱም። ጋሽ ቦሩ በልግ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ከሩቅ ጀምረው በዝግታ እየነዱ፣ ዛፍ ሥር ሞተር አጥፍተው እየወረዱ፣ እየተጣሩ ነው የመለሷቸው። አቶ ዮናስ ዓመቱ ሳያልቅ ዕድገት አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ዕቃውን ሲጭን አየሁት፤ ቧንቧው እንዳይጫጫር ጠቅልሎታል። የጠቀለለበት ለአራስ ሕፃናት ተብሎ ከተላከልን ብርድ ልብስ አንዱ ነበር፣ ቢጫ፣ ዳክዬ ያለበት። ደህና ሁኚ ሲለኝ አልመለስኩለትም።

ይሄው ነው። ናሆም በሬ ላይ ቆሞ የመኪናዋን ኋላ በመሐረብ ይወለውላል።

«ሐዋሳ ጎረቤቶችህ በዚህ ጩኸት አይቆጡም?» አልኩት።

«መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር» አለና ሳቀ። «ይለምዱታል፣ አክስቴ።»

ናሆምን እወደዋለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከአቶ ዮናስ ይልቅ በእሱ አፍ ስሰማው የበለጠ ያመመኝ። ልመድ የሚባለው ሁልጊዜ ቦረቦር ውስጥ የተኛው ሰው ነው፤ ነዳጁን የሚረግጠው አንድም ቀን ዝምታ ይልመድ ተብሎ አያውቅም። እጄን ዘረጋሁ። «ቁልፉን አምጣ» አልኩት። ልነዳው የፈለግሁ መስሎት እየሳቀ ሰጠኝ። ቀሚሴ ኪስ ከተትኩትና ለሎኮ አዲስ ሻይ ቀድቼ አስያዝኩት።

«ከጓሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ አንዲት ሴትዮ ሕፃን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች» አልኩት። «ይሄን አድርስላትና እነዚያ ሄደዋል በላት።»

ናሆም ሻዩን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። «እነማን ናቸው የሄዱት?»

«አንተ ነህ» አልኩት።