የመነኮሳቱ ሁለተኛ ዓይን

እርጥብ የፍየል ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር ንዴቴ ይነሳል። ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ስወጣ ከአንድ ግቢ ያ ሽታ ቢመጣብኝ አፍንጫዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ብጠላው መብቴ ነው።

ሽታው የአጎቴ ነበር፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ለአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በእጁ ይጽፋል፤ ሥዕልም ይሥላል። እጁ አይስትም ይባልለታል። ኩራቱ ግን ከእጁ ይበልጥ ነበር። ቤቱም የእሱ ስለነበር እናቴ፣ አባቴና እኔ የምንኖረው በእሱ መልካም ፈቃድ ነበር። አባቴ ደግሞ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ምላሱ ፍሬን የለውም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እርስዎ ዓመት የሚለፉበትን ማተሚያ ቤት በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል እኮ!» ብሎ ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። የአባቴን ጃኬት ከምስማሩ ላይ አንስቶ ደጅ ወረወረው። አባቴም «ካልተጠራሁ አልመለስም» ብሎ ወጣ። እናቴ በመካከል ቀረች። ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ከወራት በኋላ አባቴ ዊንጌት ታክሲ ማቆሚያው ጋ ጠብቆ አንድ የልጆች መጽሐፍ ሰጠኝ። ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ስገልጠው አዲስ አዲስ ይሸታል። በጥንት ዘመን፣ በሩቅ አገር ገዳም፣ መነኮሳት መጽሐፍ በእጃቸው ሲሠሩ በሥዕል ያሳያል። አንዱ ቆዳ ይዘፈዝፋል፣ ሌላው የዝይ ላባ ለብዕር ይቀርጻል፣ ሌላው አጎንብሶ ይጽፋል።

«ለአጎትሽ አሳዪው» አለኝ። «ሥራውን እንዳልናቅሁ ይወቅልኝ። ደስ ካለው እሁድ ጠዋት እዚሁ መጥተሽ ንገሪኝና አብረን እንገባለን።»

አባቴ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣለትም። መጽሐፉ ያ ቃል ነበር። የእሁዱን ነገር ለእናቴ ብቻ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

አጎቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ገለጠ። ማን እንደላከው ስነግረውም መግለጡን አልተወም።

«እነዚህም ቆዳ ይዘፈዝፋሉ እንዴ?» አለ። ደስ ብሎታል! ወዲያው ግን ግንባሩ ተቋጠረ። «መነኮሳት ናቸው አላልሽም? ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን ሣሏቸው? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። ይሁዳ ነው።»

«ጋሼ፣ በጎን ስለተሣሉ እኮ ነው።»

«ዝም በይ! ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው።»

ምላጩን አነሳ። ብራና ላይ ስህተት ሲገኝ በምላጭ ይፋቃል፤ ቆዳው ይችላል፣ በላዩ እንደገና ይጻፋል። ጥቁሩን ቀለም አጠገቡ አዘጋጅቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የመጀመሪያውን መነኩሴ ፊት መፋቅ ጀመረ። ወረቀቱ ተበሳ። ቀለል አድርጎ ሁለተኛውን ሞከረ፤ እሱም ተበሳ። ሦስተኛው ላይ ገጹ እስከ ጠርዙ ተቀደደ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። በእኛ ቤት አንዱ በአነጋገሩ፣ ሌላው በአያያዙ ጨረሱን።

አጎቴ የተቀደደውን ገጽ በጣቱ ሊገጥም ሞከረ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ በመዳፉ ወደ እኔ ገፋው። «ተሳስቻለሁ፣ ለአባትሽ ንገሪው» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? አላለም። ምላጩን ወልውሎ ወደ ብራናው ዞረ።

እሁድ ጠዋት አባቴን ሚኒባሱ ውስጥ አገኘሁት። ጢሙን ተላጭቶ ሸሚዙን ተኩሷል። መጽሐፉን ሲገልጥ ፊት የሌላቸው መነኮሳት ተደረደሩለት።

«ፊታቸውን ፋቀው?»

«አይ አባዬ፣ ሁለተኛ ዓይን ሊሥልላቸው ብሎ ነው! ቀለሙንም አዘጋጅቶ ነበር። አመለጠው።»

«የአጎትሽ እጅ አይስትም» አለኝ። «ገብቶኛል፤ ፊትህን አልይ ማለቱ ነው።»

ማልኩለት። አለቀስኩ። በማርያም ብዬ ክንዱን ያዝኩት። በዓይኔ ያየሁትን እየነገርኩት የአጎቴን ስም ከእኔ ቃል ይልቅ አመነ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሁለቱም በየቤታቸው አረጁ፤ ሰላምታ ሳይለዋወጡ። ሰው ሲያረጅ ይታዘንለታል ይላሉ። እኔ አላዘንኩላቸውም፣ ዛሬም አላዝንላቸውም።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሹሩባ ተሠርታ የምትወደውን ቀሚስ ለብሳለች። ከኋላዬ መንገዱን ተመለከተች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ።»

ሻሿን ከትከሻዋ አንስታ አዲሱን ሹሩባዋን ሸፈነችና «ግቢ፣ ቁርስሽን ብዪ» አለችኝ።