የገብረየሱስ ወራሾች

ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሸምኑ የነበሩት አቶ ገብረየሱስ በ1993 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲያርፉ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ትተው ነበር። ብቸኛ ልጃቸው ተብላ የምትታወቀው ይመኙሻል ከአርባው በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ልታወጣ ፍርድ ቤት ሄደች። ማመልከቻ የጻፈላት ሰው፣ «የቀበሌ ደብዳቤና ሦስት ምስክር ካለሽ ሁለት ወርም አይፈጅ» አላት።

ምስክሮቹ ቀርበው ከእሷ ሌላ ልጅ እንደማያውቁ ተናገሩ። ዳኛው ለወጉ ያህል ወደ እሷ ዞረው፣ «ሌላ ወራሽ አለ?» ሲሏት ግን የእናቷ ቃል ትዝ አላት። እናቷ ልትሞት ሰሞን የነገረቻት ነበር፤ አባቷ ገና ሳያገቡ ራቤል የሚባል አገር ወንድ ልጅ ወልደዋል።

«አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አለች። «አይቼው ግን አላውቅም።»

መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ባሏ ዳኜ ከግቢው ሲወጡ፣ «ማን ጠየቀሽ?» አላት።

«ዳኛው።»

«እሳቸውማ ሁሉንም ይጠይቃሉ።»

ለእሷ ግን ያንን ዋሽታ አባቷ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትኖር አልታይ ብሏት ነበር።

ወንድሟን ፍለጋ በጓሳ ሜዳ በኩል ሁለት ቀን ተጉዛ ራቤል ደረሰች። የልጁ እናት ካረፈች ቆይቷል። ክርስትና ያነሡት ሽማግሌ ቄስ፣ መምሬ ይሥሐቅ፣ ስሙ ታዲዮስ እንደሆነና መርሐቤቴ በግንበኝነት እንደሚኖር ነገሯት። መልእክት በገበያተኛ ተላከ። ታዲዮስ እስኪመጣ አንድ ክረምት አለፈ።

ከዚያ ደግሞ የሟች ልጅ መሆኑን ማስመስከር ነበረበት። መምሬ ይሥሐቅ ታመው ሁለት ቀጠሮ ቀሩ፤ ዳኛውም ተዛወሩ። ዳኜ በየቀጠሮው እያጉረመረመ በቅሎውን ይጭንላታል፤ አስቀርቷት ግን አያውቅም። በመጨረሻ ቄሱ በሰው ተደግፈው መጡና፣ ገብረየሱስ በየዓመቱ ለልጁ ባና ይልኩ እንደነበር መሰከሩ። ይመኙሻልም፣ «ወንድሜ ነው፤ አልቃወምም» አለች።

ማስረጃው ሐምሌ 1994 ላይ ወጣ፤ ሃያ ወር ፈጅቶ። እሷ ማንበብ ስለማትችል ታዲዮስ ደጅ ላይ ቆሞ ያነብላት ጀመር። የመጀመሪያው መስመር ላይ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«አልታይህ አለ?»

«ይታየኛል» አለ። «እስከ ዛሬ በአጎቴ ስም ነበር የምጠራው።» ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ አነበበው፤ «ታዲዮስ ገብረየሱስ።»

ቤቱን ለሁለት ተካፈሉ። እሱ ድርሻውን ለአንድ አስተማሪ አከራየ። ዳኜ አሁንም ቅር ይለዋል፤ ታዲዮስ ለፋሲካ ሲመጣ ግን በጉን የሚያርደው እሱ ነው።