የአጎቴ መዳፍና የፈረሶቹ ልብስ

አጎቴ ባልደራስ ነው፤ የሰው ፈረስ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ለፈረሶቹ የብርድ ልብስ እሰፋለሁ። "ለፈረስም ልብስ ይሰፋል እንዴ?" ብሎ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። ብርዱ ሲገባ ሦስት ባለፈረሶች ጋጣው በር ላይ ቆመው ስለ ልብስ ሲከራከሩ ያላየ ሰው ጭቅጭቅ አየሁ አይበል።

ሐኪሟ ነጭ ባዝራ አለቻት፤ እንደ አራስ ነው የምትሸፋፍናት። ስሱ ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ፣ ለአንገቷ ደግሞ ለብቻው። ጡረታ የወጡት መምህር ግን ለጥቁሩ ፈረሳቸው ለጉራቻ አንዲት ክር አይፈልጉም። "ፈጣሪ ጠጉር ያለበሰውን እናንተ ማን ናችሁና ትደርቡበታላችሁ?" ይላሉ ከዘራቸውን እየወዘወዙ። ይህን የሚሉት ታዲያ ራሳቸው ሁለት ሹራብና ካፖርት ደራርበው ነው! ባለሱቁ ደግሞ ዳማ ፈረሱን የሚያለብሰው ስልኩን አይቶ ነው። ስልኩ ይበርዳል ካለ ይለብሳል፣ ይሞቃል ካለ ይገፈፋል። የፈረሱን ፊት ዞር ብሎም አያይ።

አጎቴ ለሁሉም "እሺ" ይላል። እሺ ለማለት ምን ገዶት! ሲሄዱለት መዳፉን በልብሱ ሥር ሰዶ ፈረሱ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይቆያል። ከሞቀው ይገፍፍለታል፣ ከበረደው ይደርብለታል። ሠላሳ ዓመት የሠራው እንዲህ ነው። ባለቤቶቹም ተከራክረው ሲደክማቸው "የባልደራስ እጅ ምን አለ?" ማለታቸው አይቀርም። ከጋጣው ጎን ያለችው፣ እኔንም ያሳደገባት ክፍል የተሰጠችው ለዚያ እጅ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሰፋሁትን ይዤ ስሄድ ጭጋጉ ግቢውን ውጦት አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የፈረሶቹ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ቀጥሎ የድርቆሹ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ አጎቴ ከነጩ ጭጋግ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። እንቅልፌ ሳይለቀኝ ስለምደርስ ያየሁትን በሕልሜ ይሁን በውኔ አልለየውም። አንድ ቀን ፊቱን በባዝራዋ ልብስ ሥር ደብቆ፣ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ቆሞ አየሁት። እሷም አንገቷን ጥላበታለች። ሁለቱም የተኙ መሰለኝ። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ አለፍኩ፤ ቤቴ ስደርስ ነገሩን ረስቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሻይ ልንጠጣ ቁጭ ብለን፣ የጋለውን ማንቆርቆሪያ በባዶ እጁ አነሣው። አነሣውና ወሬውን ቀጠለ።

"ኧረ ጋሼ! እጅህ!" ብዬ ጮኽኩ።

አስቀመጠውና መዳፉን አየ። ቀልቷል። "ቆዳዬ ወፍሮ ነው፣ አትንጫጪ" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

ለዳማው አዲስ ወፍራም ልብስ ሰፍቼ ባስረከብኩ ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስቱም ባለቤቶች ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሌሊቱን ሲቆረቁረን ያደረው ብርድ ለቀቅ አድርጎ ፀሐይ ብልጭ አለች። ይገፈፍ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ተነሣ። ባለሱቁ ስልኩን አይቶ "ይቆይ" አለ። መምህሩ "አሁኑኑ ይገፈፍ!" አሉ። ሐኪሟ እንደ ልማዷ ወደ አጎቴ ዞረች። አጎቴ ሁሉም እያዩት ቀኝ እጁን በልብሱ ሥር ሰደደ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆየ።

"ደረቅ ነው፤ ይቆይለት" አለ።

ቀትር ላይ ዳማው በላብ ተጠምቆ ተገኘ። ልብሱ ሲገፈፍ እንፋሎቱ ተነሣ፣ ነፋሱ ሲያገኘው ደግሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለሱቁ ልብሱን ገለበጠ፣ አገላበጠ፣ እኔ ላይ መጣ።

"ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ያስገባሽበት? ላስቲክ እኮ ነው! ከዛሬ ጀምሮ አንቺ የሰፋሽው ልብስ እዚህ ግቢ እንዳይገባ!"

እኔ በሥራዬ የመጣብኝን ሰው አልወድም፤ ምላሴም አጭር አይደለም። መልሱ አፌ ላይ ነበር። አጎቴን አየሁት። ፎጣ ይዞ ፈረሱን ያሻል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ፤ ያቺንም ክፍል አሰብኳት። በዚህ ዕድሜው ከዚያ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?

"አዎ፣ ጨርቁን ተሳስቼ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አጎቴ ማሸቱን አቆመ። "ውሸቷን ነው" አለ። "ልብሱ ምንም አላጠፋም። እጄ ነው የሞተው።"

ሐኪሟ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። "ይሰማዎታል?" "የለም።" "ይሄስ?" "እሱም።" "ከመቼ ጀምሮ?" "ብርዱ ሳይገባ።"

"ሁለት ወር ሙሉ! ሰኞ ክሊኒክ ይመጣሉ፤ እምቢ ማለት የለም" ብላ ተቆጣችው።

መምህሩ ግን አልገባቸውም። "ቆይ እንጂ ሰውዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ታዲያ በምን እያወቅህ ስታለብሳቸው ነበር? አንድ ቀን እንኳ አልሳትክም እኮ።"

አጎቴ ዳማው ላይ ደረቅ ልብስ ጣል አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ገባና ጉንጩን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ሕልም ይመስለኝ የነበረው በእኩለ ቀን ፀሐይ ፊቴ ቆመ።

"በዚህ ነው" አለ ከሥር፣ ድምፁ ታፍኖ። "ማንም ሳይመጣ፣ በጉንጬ። ዛሬ እናንተ ስላላችሁ አፈርኩ። ሽማግሌ ሰው ፈረስ ሲያቅፍ... በሐፍረቴ ዳማውን ልገድለው ነበር።" ጉንጩን ሳያነሣ "ገና እርጥብ ነው፤ ሌላ ፎጣ" አለ።

ማንም አልሳቀም። ፎጣውን ያመጣው ባለሱቁ ነው፤ በወዲያኛው ጎን ዞሮ ከአጎቴ ጋር ያሽ ጀመር። የፈረሱ መንቀጥቀጥ እስኪቆም አልተወም። ከዚያ "ባልደራስ፣ ለማታ የትኛውን እናልብሰው?" አለ።

"ማታ አይቼው እነግርሃለሁ" አለ አጎቴ።

ባለሱቁ እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ አፈር ይብላ!

ሲመሽ ጭጋጉ ተመልሶ ወረደ። አጎቴ እስከ በሩ ሸኘኝ። "ለኔ እንኳ አትነግረኝም?" ብዬ ተነጫነጭኩበት። "አንቺስ ማንቆርቆሪያውን ያየሽ ቀን ለምን ዝም አልሽ?" አለኝ። ዕንባዬ መጣ። ልጅ ሳለሁ መንገድ ሲያሻግረኝ ያደርግ እንደነበረው እጁን ዘረጋ፤ ተያይዘን ወደ መንገዱ ወጣን። ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሣ ከወገባችን በታች ምንም አይታይም።

ጥቂት እንደሄድን ቆመ።

"ይዤሻለሁ?" አለኝ።

"ይዘኸኛል ጋሼ" አልኩት።