የእታለም ዓይን ቆብ

ሰፈሩ ሁሉ «ብልጭልጭ» ነው የሚላት። ስም ሲወጣ እንዲህ ነው እንጂ! የውበት ሳሎኑ ውስጥ ሜካፕ መሥራት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሳታብረቀርቅ ከእጇ የወጣች ሴት መኖሯን እጠራጠራለሁ። ወርቃማም ሆነ ብርማ የዓይን ቀለም ካየች አታልፍም። ለባልደረቦቿ ዳቦ ብትቆርስ ዳቦው ያብረቀርቃል። አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ «ይሄን ልብላው ወይስ ልቀባው?» ብላ ሳሎኑን በሳቅ አፈረሰችው።

የእንደዚህች ያለች ሴት ታላቅ እህት ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ልብስ ሰፊ፣ ያውም ዝምተኛ። እናታቸው ስትሞት ብልጭልጭ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እታለም ሃያ አንድ። እታለም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ለወግ አበቃቻት። የራሷን ወግ ግን ማን አስታውሶት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰች ሃምሳ ሁለት ሞላት። ማጎንበሱ ከመልመዷ የተነሳ ሰው ስታናግር እንኳ መሬት መሬቱን ነው የምታየው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አንድ ሚስቱ የሞተችበት የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪ ሊያሳጥር ብቅ ያለው። ወስዶ ተመለሰ። እንደገና «ትንሽ ረዘመብኝ» ብሎ መጣ። እንደገና መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ነው፣ ነገሩ እንደማያዋጣ ገብቶት፣ ላግባሽ ያላት።

እታለም እሺ ትበል እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። «ሰው ምን ይላል ሚጡ?» አለቻት። ብልጭልጭ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ለእታለም ያው ሚጡ ናት። «አሮጊት ሙሽራ ብሎ ይስቅብኛል። አንገቴን ደፍቼ ውዬ እገባለሁ፤ ሌላ ነገር አታምጪብኝ።»

ይሄ ንግግር የብልጭልጭን አንጀት በላው። በገዛ ሠርጓ አንገቷን ደፍታ? እሷ እያለች? «አፈር ስሆን እታለም፣ ፊትሽን ለእኔ ስጪኝ» ብላ ለምና ለምና አስፈቀደቻት።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሳሎኑ ለእነሱ ብቻ ተከፈተ። ሹፌሩ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሙሽራዋን ሊወስድ ነው ቀጠሮው። ብልጭልጭ ያላትን ሁሉ ዘረገፈች። ፍቅሯ ይሁን ጉጉቷ እንጃ፣ ወርቃማውን ከሽፋሽፍቱ አንስታ እስከ ቅንድቡ ድረስ ሞላችው።

እሷ ዘንድ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ የሳሎን አምፖል ስለሚዋሽ ማንም ሴት በር ላይ ወጥታ በቀን ብርሃን ሳትታይ አትሄድም። እታለምንም አወጣቻት። ውይ በሞትኩት! የእታለም ዓይን ቆብ በዕድሜ ላላ ብሏል፤ ወርቁ እያንዳንዷን እጥፋት ቆጥሮ አወጣት። ዓይኗ ያበጠ መሰለ። ፀጉር ሠሪዋ፣ ያቺ አፈኛ፣ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

«ሳለቅስ ያደርኩ መሰልኩ» አለች እታለም ቀስ ብላ። «አልኩሽ እኮ ሚጡ። ታጥቤ እሄዳለሁ።» ወደ ውሃው አመራች።

ብልጭልጭ ተከትላት ሮጠች። የባዳ ዓይን ሳትሳሳት አሥራ አራት ዓመት የሠራች ሴት፣ በገዛ እህቷ ላይ ጀማሪ የማይሠራውን ሠራች። «ጥፋቱ የኔ ነው!» ብላ ክንዷን ያዘቻት። «ፊትሽ ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ ያበዛሁት። አንዴ ብቻ፣ አንዴ!» እታለም ልጅቷ ስትለምን እምቢ ማለት መቼ ታውቅና። ተቀመጠች።

አሁን ብልጭልጭ ተረጋጋች። ሁሉንም ጠርጋ የማያብረቀርቀውን፣ ሻይ በወተት የመሰለውን ቡኒ አነሳች። «ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» አለቻትና፣ ዓይኗ ተከፍቶም ቀለሙ እንዲታይ ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ጠርዙ እስኪጠፋ ድረስ በብሩሽ አሸችው። ጠቆር ያለውን ቡኒ በውጪው ጥግ ብቻ ነካ አደረገች። ከዚያ ወርቃማውን በቀለበት ጣቷ ጫፍ ወስዳ የቆቡ መሃል ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር፣ ምስር የምታክል አሳረፈች። በቃ።

ይቺን ቦታ የመረጠችው በዘፈቀደ አይደለም። ዓይን ሲከፈት ወርቁ እጥፋቱ ሥር ይደበቃል፤ ቡኒው ብቻውን ለዓይኑ ደርዝ ይሰጠዋል። ዝቅ ብላ ስታይ ግን ብልጭ ይላል። መሬት ማየቷ ላይቀር፣ አንገቷን በደፋች ቁጥር ሰው ይመልከትላት! ሰው ሲያፍርም ያምራል አለች በልቧ።

በር ላይ ወጡ። እታለም መስታወቱን ይዛ ቆየች፣ ቆየች።

«ዓይኔ ትልቅ ነው እንዴ?»

«ድሮም ትልቅ ነበር» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ምላሷ ተመልሶላት። «ለጨርቅ ብቻ እያሳየሽው ነው እንጂ!»

እታለም ሳቀች። ሹፌሩ በዚሁ መሃል ደረሰ፤ አበባውን መስጠት ረስቶ እንደያዘ ቆመ። እሷም ቀና ብላ ፊት ለፊት አየችው። እሱ ነው ያፈረው።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! አዳራሹ ውስጥ የእንግዳውን ሁሉ ዓይን ዓይን እያየች ሳመች፣ ቀለደች፣ ጨፈረች። አሮጊት ሙሽራ ያለም ሰው አልነበረም። ብልጭልጭ ግን ከኋላ ተቀምጣ ተቁነጠነጠች። አንዴ ዝቅ ትላለች፣ አሁን ትላለች፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ መታገስ አቃታትና ሄዳ ጆሮዋ ሥር ሹክ አለቻት፦

«እታለም፣ አንዴ እንኳ ዝቅ በይልኝ እንጂ፤ ያን ወርቅ ሰው ይይልኝ!»

«ተይኝ ሚጡ» አለቻት እታለም፣ ጉንጯን ስማ። «መሬቱን ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ።»

ብልጭልጭ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች፣ የራሷ ቀለም እስኪፈስ። ወርቁን እስከ ማታ ማንም አላየውም።