ገማቾቹ ሲመጡ ደጅ የቀረችው ጃንጥላዬ

ይህን የምጽፈው የቆሰበር ሰው የሆናችሁትን ሁሉ አንድ ነገር ለመለመን ነው። ልመናዬን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። አስቀድሜ ግን ትናንት ያስፈራኝን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ልመናው አይገባችሁም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ መንገዱን ጅረት አድርጎት ነበር። መብራት ስለጠፋ ሻማ ልገዛ እትዬ ብርቄ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። «ግቢ ልጄ፣ ምን ያስደበድብሻል!» አሉኝ። ጃንጥላዬን እንደተዘረጋች ደጅ ትቼ ገባሁ።

የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። በዚያው ዕለት ጠዋት ተማሪዎቼን ያከራከርኩት «ኮሮና ያራቆተውን የመንግሥት ካዝና ለመሙላት ከፍ ያለ ግብር መክፈል ያለበት ማን ነው?» በሚል ርዕስ ነበር። ክርክሩን የቋጨሁትም «ሁሉም እንደ አቅሙ፤ ማንም ሳይደበቅ» ብዬ ነው። ይህችን ቃሌን ያዙልኝ።

እትዬ ብርቄ ሻማውን ሊያወርዱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ከመናኸሪያው በኩል የላሜራ በር ሲዘጋ ተሰማ። ጓ!... ቀጥሎ ሌላው... ከዚያ ሌላው። ድምፁ ሱቅ በሱቅ እየዘለለ ወደ እኛ መጣ። እትዬ ብርቄ ሻማውን ተዉት። በሩን ስበው መወርወሪያውን ገፉ... ጨለማ ሆነ።

በዚህ ዘመን በር እንዲህ ሲዘጋ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ተኩስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ ብርቄ... ምን መጣ?»

«ዝም በይ! ገማቾቹ ናቸው።»

ገማቾች የምንላቸው እየዞሩ የትንንሽ ነጋዴዎችን የቀን ገቢ የሚገምቱት የኮሚቴ ሰዎች ናቸው። የዓመቱ ግብር የሚወጣው ከእነሱ ግምት ነው። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ለካ ቶሎ ተረጋግቼ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ይደበቃሉ? እውነቱን ቢነግሯቸው አይሻልም?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ባለፈው ነገርኋቸዋ! ሰው ሁሉ ግማሹን ነው የሚናገር ብለው እጥፍ አርገው ጻፉብኝ። እውነት የተናገርሁት እኔ፣ ከዋሸው በላይ ከፈልሁ።»

«የጎደለውን ግን አንድ ሰው መሙላት አለበት...»

«ባለፎቁ ይሙላዋ! ባለ ከባድ መኪናው ይሙላ! ኮሮና የዘጋው የእኔን በር፤ የእነሱን መች ነካው? ደግሞ ክፍል ውስጥ አይደለሽም፣ ትንፋሽሽን ያዥ!»

ያዝኩ።

እግሮች ጭቃውን እየረገጡ መጡና በራችን ላይ ቆሙ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለችው ያች ስስ ላሜራ ብቻ ናት...

«ጓጉንቸር የለበትም። ከውስጥ ነው የዘጋችው» አለ የወጣት ድምፅ።

«ይቺ ጃንጥላ የማን ናት?» አለ ሌላው፣ ጎልማሳው።

የተሰበረ እጀታዋን በቀይ ክር የጠቀለልኩት ያችን ጃንጥላ በትምህርት ቤቱ የማያውቃት የለም።

«የልጄ አስተማሪ ናት ይቺን የምትይዝ» አለ ጎልማሳው። «እሷስ ተደብቃ አትገኝም። ረስታት ሄዳ ይሆናል።»

ቢቆጣ ከምፈራው በላይ ይህ እምነቱ አስፈራኝ።

«እና ምን እንጻፍ?»

«ካለፈው እጥፍ አርገው። ከኮሮና ወዲህ የጎደለው ይሞላ ተብለናል። ትልልቆቹ እንደሆነ የሒሳብ ሠራተኛ አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው... ከማን ይምጣ ታዲያ? በር ከዘጋው ነዋ!»

እትዬ ብርቄ የእጄን አንጓ ጨበጡ። በአማርኛ የጀመሩትን ጸሎት በአዊኛ ጨረሱት። ከዚያ «በቃ፣ የንግድ ፈቃዱን እመልሳለሁ። ይሄን ከፍዬስ ሱቅ አይኖረኝም» አሉኝ ጆሮዬ ሥር።

ብወጣ መደበቄ ሊታወቅ ነው። ባልወጣ ሱቁ ሊዘጋ ነው። አስቤ ወሰንኩ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ... ላሜራውን ከውስጥ በጡጫ ደበደብኩት።

«በስመ አብ!» ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። መወርወሪያውን ስስብ ወጣቱ ገማች መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጎልማሳው እኔንና ጃንጥላዋን እያፈራረቀ አየ። «ቲቸር... ከዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተደብቄ ነበር» አልኳቸው። «ያላችሁትንም ሁሉ ሰምቻለሁ። ይኸው ተከፍቷል፤ ግቡና መደርደሪያውን እዩ፣ እሳቸውንም ጠይቁ።»

ጎልማሳው አፍሮ ይሁን ተቆጥቶ አልለየሁም። «ተጽፏል። የተጻፈውን እኔ አልፍቀውም። ቅሬታ ካላት ታቅርብ፤ ገበያዋን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤት ነጋዴዎች ይመስክሩላት። አንቺ ደንበኛ እንጂ ነጋዴ አይደለሽም» አለና ሁለቱም ወደሚቀጥለው ዝግ በር አለፉ።

ዋናው ፍርሃት የመጣብኝ ከዚህ በኋላ ነው። መንገዱ መሃል ቆሜ ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከትኩ። በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ አንዱም ላይ ጓጉንቸር የለም። ከእያንዳንዱ ላሜራ ጀርባ ትንፋሹን የያዘ ሰው ቆሞ ሁሉንም እንደሰማ አውቃለሁ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! አንድ ሰው እንኳ ይውጣልኝ!» ብለው ተጣሩ እትዬ ብርቄ።

ማንም አልወጣም። ከአንዱ በር ጀርባ ሳል ተሰማ... ወዲያው ታፈነ።

ልመናዬ ይኸው። በዚያ መንገድ የምትነግዱ ሁሉ፣ ከእናንተ መካከል ሦስታችሁ እስከ ሐምሌ አምስት፣ ማለትም የሐዋርያት ጾም እስከሚፈታበት ቀን ድረስ፣ ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ቀርባችሁ የእትዬ ብርቄን የገበያ ልክ መስክሩ። የየራሳችሁንም እውነት ይዛችሁ ኑ። ስለ ባለፎቆቹ በጨለማ የምታንሾካሹኩትንም እዚያው፣ በብርሃን ተናገሩት። እንፈራለን ካላችሁ እኔም እፈራለሁ፤ የሰውየው ልጅ ነገም ፊት ለፊቴ ይቀመጣል።

ቢሮው አይጠፋችሁም። እጀታዋ በቀይ ክር የተጠቀለለች ጃንጥላ ደጃፉ ላይ ተዘርግታ ታገኛላችሁ... ያን ቀን ግን ረስቻት አይደለም።